አንድ እርካብና ሁለት ገመድ



ጅቡቲ ከተማ ስለ ዛፍ አወጣጥ ለመነጋገር የምትመች ከተማ አይደለችም። በበጋዋ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚወጣባት፣ ከባሕሩ የሚነሣው ወበቅ ቀንና ሌሊት በማይለይባት በዚህች የወደብ ከተማ ዛፍ የሚፈለገው ሊጠለሉበት እንጂ ሊወጡበት አይደለም። እኛ ባልና ሚስት ግን ባለፈው ዓመት ብዙ ምሽቶችን ያሳለፍነው፣ አንድ ሰው ረዥም ዛፍ ላይ እንዴት ወጥቶ እንዴት በሰላም ሊወርድ እንደሚችል ስንከራከር ነው። ነገሩ ቀላል ጓዝ ይዞ ርቆ የሚሄድ ሰውና፣ ቤት ሆኖ መመለሱን የሚጠብቅ ሰው ያሉበት ስለሆነ፣ በወታደር ቤተሰብ አምድ ላይ ብናወጋው ቦታውን የሳተ አይመስለንም።

ከሁለታችን አባወራው የካፋ ሰው ነው፤ የተወለደው ከቦንጋ ብዙም በማይርቅ የደን መንደር ነው። አሁን በወደቡ አካባቢ በዕቃ ማከማቻ መጋዘን ይሠራል። እማወራዋ የድሬዳዋ ተወላጅ ስትሆን፣ በከተማዋ ውስጥ አነስተኛ የኢትዮጵያ ምግብ ቤት ታስተዳድራለች። የአባወራው ታናሽ ወንድም ግን ከአገሩ አልወጣም፤ የአባታችንን ቀፎዎች ተረክቦ፣ ከሚስቱና ከሦስት ልጆቹ ጋር በቡናና በጫካ ማር ይተዳደራል። አንድ ቀን ስልክ ደወለና እንዲህ አለ፤ «ጋሼ፣ አሜሪካኖቹ አዳኞች ዛፍ የሚወጡባትን አንዲት ብረት ከወደቡ ፈልጋችሁ ላኩልኝ። ርዝመቷ አንድ ክንድ ብቻ ነው፤ እርሷን ብቻ እየነቀሉና እየተከሉ ጫፍ ይደርሳሉ። በስልክ አይቼዋለሁ። እትዬንም ጠይቅልኝ፤ እርሷ የምትመግባቸው ፈረንጆች አይጠፉም።»

ልመናው ያስቃል እንጂ ምክንያቱ አያስቅም። ከመንደሩ ሰዎች አንዱ፣ ጎረቤታችን የነበረ ጎልማሳ፣ ማር ሊቆርጥ ወጥቶ ከወደቀ ጀምሮ ከወገቡ በታች አይንቀሳቀስም። ቡናውን የምትለቅመው፣ ልጆቹን የምታስተምረው፣ እርሱንም የምታገላብጠው ሚስቱ ናት። የወንድማችን ሚስት ይህንን በየቀኑ ታያለች። ስለዚህ በስልኩ የተናገረው እርሱ ይሁን እንጂ፣ የጠየቀችን እርሷ እንደሆነች ሁለታችንም ወዲያው ተረድተናል።

የካፋን ደን ላላዩ አንባብያን ጥቂት እናስረዳ። እ.ኤ.አ. በ2010 ዩኔስኮ በዓለም አቀፍ የብዝኃ ሕይወት ጥብቅ ሥፍራነት የመዘገበው ይህ ደን የዱር ቡና መገኛ በመሆኑ ስሙ የታወቀ ነው፤ ለባላገሩ ግን ከቡናው እኩል የሚቆጠረው ማሩ ነው። በተለይ ከገተማ አበባ የሚገኘው ነጭ ማር ተፈላጊ ነው። ቀፎው ከተቦረቦረ ግንድ ወይም ከልጥና ከሐረግ ይሠራና በረዣዥም ዛፎች ቅርንጫፍ ላይ ይሰቀላል። ከፍ ብሎ ሲሰቀል የንቡ መንጋ ቶሎ ያገኘዋል፤ ጉንዳንና ማር ወዳድ አውሬም በቀላሉ አይደርስበትም። በካፋና በሸካ ኮቦ የሚባል ነባር ሥርዓት አለ፤ ቀፎ የሚሰቀልበት የደን ክፍል የማን እንደሆነ በዚህ ሥርዓት ይታወቃል፤ ከአባትም ወደ ልጅ ይተላለፋል። አንድ ንብ አርቢ ቀፎዎቹን በአንድ ዛፍ ላይ አያከማችም። ደኑን አቋርጦ ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው ይሄዳልና፣ መሰላል ተሸክሞ የሚዘዋወርበት መንገድ የለም።

አባታችን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ መሣሪያቸው አንድ ገመድ ነበር። ገመዱን በግንዱና በወገባቸው ዙሪያ ያዞሩታል፤ ወደ ኋላ ለጠጥ ብለው በባዶ እግራቸው ግንዱን እየረገጡ፣ ገመዱን በሁለት እጃቸው ወደ ላይ እየወረወሩ ይወጣሉ። ማር የሚቆረጠው በጨለማ ስለሆነ የሚጤሰው ችቦ በጎናቸው ይንጠለጠላል። ላይ ከደረሱ በኋላ የማሩን ዕቃ በሌላ ገመድ ያወርዱታል። አባወራው በልጅነቱ ከታች ቆሞ ዕቃውን ይቀበል ስለነበር እስከ ዛሬ ድረስ የሚያስታውሰው የማሩን ሽታ ሳይሆን ዝምታውን ነው። አባታችን የመጀመሪያው ቅርንጫፍ ላይ ሲደርሱ ወሬ ያቆሙ ነበር። ለምን እንደሆነ የገባን ግን ጅቡቲ ላይ ነው።

በምግብ ቤታችን ከሚመገቡት ደንበኞች መካከል፣ ከአምቡሊ አውሮፕላን ማረፊያ ጎን ካለው ከለሞኒዬ ሰፈር በፈቃድ የሚወጡ አሜሪካውያን ይገኙበታል። ሰፈሩ ቀድሞ የፈረንሳዮች ነበር፤ አሜሪካኖቹ የገቡበት እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ከእነርሱ አንዱ፣ ጥብስ የሚወድ ባለሌላ ማዕረግ፣ በአገሩ በቀስት አጋዘን አዳኝ ሆኖ ተገኘ። (አጋዘን ስንል የእኛውን የደጋ አጋዘን ማለታችን አይደለም፤ የእኛው ከድኩላ ወገን ነው፣ ቀንዱም አይወልቅም። የእነርሱ ባለነጭ ጅራቱ አጋዘን በየዓመቱ ቀንዱን የሚጥል ሌላ ዘር ነው። በጅቡቲ ደግሞ ማናቸውም አደን ክልክል ነውና ሰውየው ሲያወራን ናፍቆት ይነበብበት ነበር።) እማወራዋ ስለ አንዲቷ ብረት ብትጠይቀው ሹካውን አስቀምጦ ተነሣ። የበረንዳውን ምሰሶ ዛፍ፣ ጭልፋችንን ብረት፣ የሽርጥ ማሰሪያዋንና የጫማውን ክር ገመድ አድርጎ፣ ሻይ እስኪበርድ ድረስ አስተማረን።

እንዲህ ነው። ከእነዚህ አዳኞች ብዙዎቹ የሚያድኑት የሕዝብ በሆነ ደን ውስጥ ነው። በብዙዎቹ ሥፍራዎች ዛፍ ላይ ምስማር መምታትም ሆነ ዕቃ ትቶ መሄድ አይፈቀድም። አጋዘኑም ተንኮለኛ ነው፤ ሰው የለመደበትን ቦታ ይሸሻል። ስለዚህ አዳኙ ዕለት ዕለት ዛፍ ይለውጣል፤ የሚያስፈልገውንም ሁሉ በጀርባው አዝሎ ይሄዳል። ቀድሞ ሦስትና አራት በትሮች ይሸከሙና አንዱን በአንዱ ላይ እየደረደሩ ይወጡ ነበር። በኋላ አንዳንዶቹ አሰቡበትና፣ ብረቱ አንድ ብቻ ይሁን፣ እርሱንም ይዘነው እንውጣ አሉ። ወታደር ሁሉ የሚያውቀው ሒሳብ ነው፤ ከጀርባ ላይ የወረደች አንዲት ኪሎ በአሥረኛው ኪሎ ሜትር ላይ ዋጋዋ ይታወቃል።

አዳኙ ገና መሬት ላይ ሳለ ኮርቻ የሚሉትን፣ ወገብና ጭን የሚይዝ ጠንካራ መታጠቂያ ይታጠቃል። አንድ ኪሎ ገደማ የምትመዝነውን፣ ግራና ቀኝ መርገጫ ያላትን በትር እጁ በሚደርስበት ከፍታ ከግንዱ ጋር አጥብቆ ያስራል። ከግርጌዋ ልክ እንደ ፈረስ እርካብ ያለ የጠፍር መርገጫ ይንጠለጠላል። ወገቡን ከግንዱ ጋር የምታያይዘውን ገመድ አዙሮ ይቆልፍና ከእርካቡ ጀምሮ ወደ በትሯ ጫፍ ይወጣል። እዚያ ሲቆም ሁለተኛውን ገመድ ከራሱ በላይ በግንዱ ላይ ያስርና ኮርቻውን በእርሱ ላይ ያንጠለጥላል። አሁን ክብደቱን የያዘው ገመዱ ስለሆነ እግሩ ነጻ ነው፤ ጎንበስ ብሎ በትሯን ይፈታል፣ ወደ ላይ ይስባታል፣ መልሶ ያስራታል፣ ይረግጣታል። እያንዳንዱ ዙር አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ያደርገዋል፤ አራት ወይም አምስት ዙር ሲሞላ ስድስት ሜትር ገደማ ላይ ደርሷል። አዳኙ ከዚህ በላይ አይፈልግም። ሲወርድ ደግሞ በበትሯ አይወርድም፤ ረጅሙን ገመድ ከላይ አስሮ እየተንሸራተተ ይወርዳል፤ መሬት ከደረሰም በኋላ ገመዱን በቀጭን ሲባጎ ስቦ ያወርደዋል። ዛፉ ላይ የሚቀር ነገር የለም።

እውነቱን ለመናገር፣ ብልሃቱ አስደንቆናል። ሆኖም ሰውየው ከሄደ በኋላ እማወራዋ ጭልፋዋን ከምሰሶው እየፈታች፣ «ብረቷን ብቻ ነው የሚያወሩት፤ ሰውየውን የያዘው ግን ብረቷ አይደለችም» አለች። ከዚያ በኋላ የተከራከርነው ሁሉ በዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ነው።

በዚያው ሰሞን፣ በዕረፍት ቀን ጠዋት፣ ወደ አምቡሊ የአትክልት ቦታዎች ወረድን። በዚያ የተምር ዛፎች አሉ። ተምር ሴትና ወንድ ዛፍ ስላላት፣ ጥሩ ፍሬ እንድትሰጥ ሰው ወጥቶ የወንዱን አበባ ዱቄት በሴቷ አበባ ላይ መነስነስ አለበት፤ ቀጥሎም ዘለላውን ለማሰር፣ በኋላም ለመልቀም ይወጣል። አትክልተኛው፣ ከየመን የመጡ አዛውንት፣ ጀርባቸው ላይ ሰፋ ያለ መቀነት አዙረው፣ የመቀነቱን ገመድ በግንዱ ዙሪያ አያይዘው ሲወጡ ቆመን ተመለከትን። አባታችን ካፋ ውስጥ ይሠሩት የነበረውን ያህል ነበር፤ ቀይ ባሕርን የሚሻገር አንድ ትምህርት ቤት ያስተማራቸው ይመስል ነበር። የተቆረጡት የዘንባባ እግሮች እንደ ደረጃ ይረገጣሉ፤ ላይ ሲደርሱም ወደ ኋላ ለጠጥ ብለው ሁለቱንም እጃቸውን ለሥራ ያውሉታል።

አንድ ልዩነት ግን ነበር፤ ተምር ቅርንጫፍ የላትም። አዛውንቱ ከመሬት ሲነሡ ያሰሩትን ገመድ እስከ ጫፍ ድረስ ሊፈቱት አይገደዱም። የካፋው ዛፍ ግን ቅርንጫፍ አለው። በአንድ ገመድ የሚወጣ ሰው ቅርንጫፍ ሲያጋጥመው ገመዱን ፈትቶ ከቅርንጫፉ በላይ መልሶ ማሰር አለበት። በመፍታትና በማሰር መካከል ያለችው አፍታ፣ በሌሊት፣ በጭስና በንብ መካከል፣ በሁለት ጉልበትና በአንድ ክንድ ላይ ብቻ የምታልፍ ናት። አባታችን ወሬ የሚያቆሙት ለዚህች አፍታ ነበር። ጎረቤታችንም የወደቀው በዚህችው አፍታ ነው።

አሜሪካዊው በጫማው ክርና በሽርጡ ማሰሪያ ያሳየን ዋናው ነገር እንግዲህ ይህ ነው፤ ሁለተኛው ገመድ ሳይታሰር የመጀመሪያው አይፈታም። ይህ የፈረንጅ ፈጠራ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በትግራይ ወደ ደብረ ዳሞ ገዳም የወጡ ወንዶች እንደሚያውቁት፣ 15 ሜትር ገደማ ያለውን ገደል የሚወጡት በጠፍር ገመድ ተንጠላጥለው ሲሆን፣ ሌላ ገመድ ደግሞ በወገባቸው ይታሰርና መነኰሳቱ ከላይ ይይዙታል። አንዱ መውጫ ነው፣ ሌላው መያዣ። በወደቡም ከፍታ ላይ የሚሠሩ ሠራተኞች ሁለት ማያያዣ ይታጠቃሉ፤ አንዱን ሳይቆልፉ ሌላውን አይፈቱም። ከአንባብያን መካከል በመገናኛ ክፍል የስልክ ምሰሶ የወጣ ቢኖር የወገብ መቀነቱን ነገር ከእኛ ይልቅ እርሱ ያስረዳ ነበር።

ስለ በትሯም ቢሆን በቁጥር ተነጋገርን። አባወራው እንደሚለው ከአባታችን ዛፎች መካከል አንዳንዶቹ ቀረሮ ናቸው። ቀረሮ እስከ 50 ሜትር ድረስ ሊያድግ የሚችል ዛፍ ነው፤ ቀፎው ያለበትን 20 ሜትር ብንል እንኳ ከ13 ዙር ያላነሰ መፍታትና ማሰር ይሆናል። ለአንድ አጋዘን ሲሉ ማለዳ አንድ ጊዜ መውጣት ሌላ ነው፤ በአንድ ሌሊት ሦስት ዛፍ መውጣት ሌላ። የግንዱም ውፍረት አለ። በትሯ የተሠራችው ሰው በሁለት እጁ አቅፎ ገመዱን በቀላሉ ሊያዞርበት ለሚችለው ግንድ ነው፤ ለሽማግሌው ቀረሮ አትሆንም። በመካከለኛ ዛፎች ላይ ግን፣ ለምሳሌ በብሳና ላይ፣ ልትጠቅም እንደምትችል አንክድም። እንዲህ ከሆነ፣ ካለን ገንዘብ ላይ ለብረት የሚወጣው ቀርቶ ለገመዱና ለመታጠቂያው ይዋል አልን። እርካቡን ከጠፍር ወንድማችን ራሱ ይሠራዋል።

ገመድ መግዛት ደግሞ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። በወደብ ከተማ ገመድ የማይሸጥበት መንገድ የለም። በጣም ርካሹ ጀልባ የሚታሰርበት ሰማያዊው የፕላስቲክ ገመድ ነው፤ ውኃ ላይ ይንሳፈፋል፣ ያብረቀርቃል፣ ዓይን ይስባል። ይሁን እንጂ ፀሐይ በፍጥነት ትበላዋለች፤ ሲፈትጉትም በትንሽ ሙቀት ይቀልጣል። በእጃችን ይዘን አጥፈነው ስንዘረጋው ዱቄት መሰለ ብናኝ ረገፈ፤ ባለሱቁ ሌላ ሊያሳየን ሲጀምር አመስግነን ወጣን። ናይለን ጠንካራ ነው፤ ሲረጥብ ግን ከጥንካሬው ጥቂት ይቀንሳል። ፖሊስተር ፀሐይንና ርጥበትን በተሻለ ሁኔታ ይችላል። ቋጠሮ ራሱ የገመዱን ጥንካሬ ሲሶ ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ እንደሚቀንስ ማወቅ ይበጃል። የባትሪ አሲድ የነካው ገመድ ምንም ምልክት ሳያሳይ ሊሞት ይችላልና፣ በመኪና የሚላክ ገመድ ከባትሪ አጠገብ አይቀመጥም።

በመጨረሻ የላክነው ይህ ነው፤ በወገቡ ግራና ቀኝ ቀለበት ያለው፣ ጭንና ትከሻ የሚይዝ የሠራተኛ መታጠቂያ፤ ሁለት የወገብ ገመዶች፤ ለመውረጃ የሚሆን አንድ ረጅም ገመድ፤ ከ20 ኪሎ ኒውተን በላይ የሚል ቁጥር የተቀረጸባቸው፣ ማለትም ሁለት ቶን ያህል የሚችሉ፣ በመዝጊያ የሚቆለፉ የብረት ቀለበቶች፤ እንዲሁም ከዋናው ገመድ የቀጠነ አጭር ሲባጎ። የሲባጎው ጥቅም የሚከተለው ነው። በዋናው ገመድ ላይ ሦስት ጊዜ ተጠምጥሞ ሲታሰር፣ ክብደት ሲያርፍበት ይነክሳል፣ በእጅ ሲለቁት ይንሸራተታል። ኦስትሪያዊው ካርል ፕሩሲክ እ.ኤ.አ. በ1931 ያስተዋወቀው ቋጠሮ ነው፤ በስሙም ይጠራል። ሰውየው ሲወርድ እጁን ንብ ነድፎት ገመዱን ቢለቅ እንኳ ሲባጎው ይዞ ያስቀረዋል።

ከዕቃው ጋር ደብዳቤ ጻፍን። ደብዳቤው ለሁለት ሰዎች ነበር። ለወንድማችን የጻፈው አባወራው ነው፤ መጀመሪያ ከመሬት በሰው ቁመት ላይ ብቻ፣ በቀን ብርሃን፣ እጁ ቋጠሮውን ሳያይ እስኪያውቀው ድረስ እንዲለማመድ፤ የወገቡ ገመድ ምንጊዜም እንዳይላላ፣ ምክንያቱም እነዚህ ገመዶች ብዙ የማይለጠጡ ስለሆኑ ግማሽ ሜትር እንኳ ወድቆ መያዝ አጥንት ይሰብራልና፤ ብቻውንም እንዳይወጣ። በመታጠቂያ ላይ ራሱን ስቶ የተንጠለጠለ ሰው ቶሎ ካልወረደ የሚሞት መሆኑን ሳንሸሽግ ነገርነው። ለሚስቱ የጻፈችው እማወራዋ ናት። «እህቴ ሆይ፣ ገመዱን ሌሊት ከመውጣቱ በፊት በቀን አንቺ በጣቶችሽ መካከል ከጫፍ እስከ ጫፍ አሳልፊው። የሳሳ፣ የደረቀ፣ የጠፈጠፈ ወይም ፀጉር ያወጣ ቦታ ካገኘሽ፣ እርሱ ምንም ቢል ቁረጪው» ብላ ጻፈች። ገመድ የሚመረምር ዓይን ከሚወጣው ሰው ዓይን ሌላ ሲሆን ይሻላል፤ የሚወጣው ሰው ዛሬ መውጣት ይፈልጋል።

ሳጥን ቀፎ ሠርቶ ከመሬት ሳይነሣ ቢያነብስ አይሻልምን የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እንገምታለን። ሆለታ ካለው የንብ ምርምር ማዕከል ጀምሮ ብዙዎች የሚመክሩት ይህንኑ ነው፤ ሴቶችም በሥራው እንዲገቡ መንገድ ከፍቷል። እማወራዋ በዚህ ወገን ናት፤ አባወራው ግን በኮቦ የተያዘ ዛፍ ቀፎ ካልተሰቀለበት ሰው ያለው አይመስልም፣ ቆይቶም ለመጥረቢያ ይዳረጋል ይላል። በዚህ ረገድ እስከ ዛሬ አልተስማማንም። ወንድማችን ሁለት ሳጥን ቀፎ በጓሮው አለው፤ ወደ ደኑም ይሄዳል።

ዕቃው በምናውቀው ሾፌር እጅ እስከ አዲስ አበባ፣ ከዚያም በጅማ በኩል ቦንጋ ደረሰ። ወንድማችን ከወር በኋላ ደወለ። ከቤቱ ደጃፍ ባለው ዋንዛ ላይ በሰው ቁመት ተንጠልጥሎ ሲለማመድ የመንደሩ ልጆች ሲስቁበት መዋላቸውን፣ የወደቀው ጎረቤታችንም በአልጋው ሆኖ በመስኮት ይመለከት እንደነበር፣ ኋላም አስጠርቶት ቋጠሮውን በእጁ ይዞ ደጋግሞ እንዳሰረውና እንደፈታው ነገረን። በመጀመሪያው ጨለማ ሁለት ቅርንጫፍ አልፎ ወጥቷል፤ ከወትሮው ይልቅ ብዙ ጊዜ ፈጅቶበታል፤ ይህም አማርሮታል። ሚስቱ ስልኩን ተቀብላ፣ «እትዬ፣ ይዘግያል፤ ግን ከላይ ሆኖ ያወራኛል» አለች። የአባታችንን አሮጌ ገመድ ቀፎ መሳቢያ አድርገውታል።